አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲል ሞተሩ ለምን ይግላል?

አስመላሽ ዘፈሩ የራሱን አውሮፕላን ለመሥራት ሲነሳ የመረጠው ሞተር የአዲስ አበባ መካኒኮች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱትን ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደርና 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን የቮልስዋገን ቢትል ሞተር። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመቱ ባለመሙላቱ የተመለሰ ወጣት ነበር። ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ በ570 ቀናት የጨረሰውን አውሮፕላን «ኬ-570ኤ» ብሎ ሰየመው። «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ናት፤ ቁጥሩ ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረገው የበረራ ሙከራ ፕሮፔለሩን የያዘው ማሰሪያ በመበላሸቱ ሳይሳካ ቢቀርም፣ ወሬው አገር አቋርጦ በውጭ መገናኛ ብዙኃን ጭምር ተነገረ።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ይነሳል ወይስ አይነሳም?» ብሎ ነው። ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ጥያቄ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው፤ ከተነሳስ በኋላ ሞተሩ ስንት ደቂቃ ይችላል? በግለሰብ እጅ የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ከመሬት ለቆ ሽቅብ በሚወጣባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሞተሩ ከሌላው የበረራ ክፍል ሁሉ የበለጠ ይግላል። ከባሕር ወለል ከ1,500 እስከ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ለተቀመጡት ለጅማ፣ ለአጋሮ፣ ለሊሙ ገነትና ለቦንጋ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ መንደርደር የሚጀምር ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነገሩ ግማሽ ተራራ እንደ መውጣት ሆኖበታል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ውስጥ ፕሮፔለሩን ለማዞር የሚውለው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። የሚበዛው በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። የቀረው ሙቀት በብረቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ካልተወሰደ ሞተሩን ይገድለዋል። መኪና ራዲያተር አለው፣ ውሃ አለው፣ ማራገቢያ አለው። አብዛኛው የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የተሠሩት ስስ ሽንሽኖች ሙቀቱን ለሚያልፈው አየር ያስረክባሉ። አየሩ በበቂ መጠንና ግፊት ካላለፈ ሽንሽኑ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ምን ያህል ይግላል? የጅማ ሰው ይህን ሙቀት ያውቀዋል። ቡና ምጣድ ላይ ሲቆላ ፍሬው መንጣጣት የሚጀምረው 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። የታወቀው የአሜሪካ ሞተር ሠሪ ላይካሚንግ ደግሞ ሞተሩ ዕድሜ እንዲኖረው የሚፈልግ አብራሪ በቆጣቢ ጉዞ የሲሊንደሩን ቴስታታ ከ204 ዲግሪ በታች፣ ጠንከር ባለ ጉዞ ደግሞ ከ224 በታች እንዲይዘው ይመክራል። ፈጽሞ መታለፍ የሌለበት ወሰን 260 ነው። ሌላው ሠሪ ኮንቲኔንታል በብዙዎቹ ሞተሮቹ ላይ ወሰኑን 238 ላይ አስቀምጧል። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየም 200 ዲግሪን ሲያልፍ ለመቅለጥ ገና ብዙ ቢቀረውም ጥንካሬው በፍጥነት ይቀንሳል። በዚያ ሙቀት ላይ ደግሞ በየደቂቃው በሺህ የሚቆጠር ፍንዳታ ይቀበላል።

ሽቅብ መውጣት ይህን ሙቀት ከሁለት በኩል ያባብሰዋል። አንደኛ፣ ሞተሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ እየሰጠ ነው። ሁለተኛ፣ አፍንጫው ወደ ላይ በመቅናቱ ፍጥነቱ ቀንሷል፤ የማቀዝቀዣው አየር ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይወርዳል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ፊት ለፊት የሚመጣው አየር ያለው ግፊት 12 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሊያነሳ ይችላል። በ100 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ያው ግፊት 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ ትልቁን ደረጃ በያዘበት ሰዓት የማቀዝቀዣው አየር ግፊት ከግማሽ በታች ይሆናል ማለት ነው።

የጅማ አየር የራሱን ይጨምርበታል። በደረቁ ወራት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ እዚያ ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በባሕር ወለል ላይ በመደበኛው 15 ዲግሪ 1.225 ኪሎ ግራም ነበር። 22 በመቶ ያህል ጎድሏል። ለሞተሩም ለክንፉም የዚያ ከሰዓት የጅማ ሜዳ 2,500 ሜትር ላይ እንዳለ ሜዳ ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር እዚያ የሚሰጠው 30 ገደማ ብቻ ይሆናል።

«ጉልበቱ ካነሰ ሙቀቱም ያንሳል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነት አለው። የሚያቀዘቅዘው አየርም አብሮ መሳሳቱን ግን መርሳት የለበትም። ከዚህ የሚከፋው ጊዜው ነው። በደቂቃ 150 ሜትር የሚወጣ አውሮፕላን 600 ሜትር ለመጨመር 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ጉልበቱ ተቀንሶ በደቂቃ 90 ሜትር ብቻ የሚወጣ ከሆነ ያንኑ ከፍታ ለመያዝ 7 ደቂቃ ሊሞላው ነው። እነዚያ ተጨማሪ ሦስት ደቂቃዎች ሙሉ ቤንዚን ተከፍቶ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያልፉ ናቸው። በማለዳ፣ የጅማ ብርድ 12 ዲግሪ ሲሆን፣ አየሩ ከከሰዓቱ በ5 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ የሲሊንደሩም ሙቀት ከውጭው አየር ጋር አብሮ በግምት 16 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። አዲስ የተሠራ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከርበት ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት እንጂ ከምሳ በኋላ መሆን እንደሌለበት ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የቤንዚኑ ነገር ነው፤ ስህተቱ ለዓይን አይታይምና። ለሙሉ ጉልበት የተዘጋጀ ካርቡራተር ሆን ተብሎ ትንሽ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል፤ ሞተሩንም ከማንኳኳት ይጠብቀዋል። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ያው ካርቡራተር ከሚገባው በላይ ቤንዚን መስጠት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ስለዚህ 1,700 ሜትር ላይ የሚነሳ አብራሪ የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ ጥቂት ማቅጠን አለበት። ካበዛው ደግሞ ትርፍ ቤንዚኑ ይጠፋና ቴስታታው ይግላል። አንዱን ሲያድን ሌላውን እንዳያጠፋ ዓይኑ ከሙቀት መለኪያው መነሳት የለበትም።

የመኪና ካርቡራተር እንዳለ የወሰደ ሠሪ ይህን በእጀታ ማስተካከል አይችልም፤ ያለው የቤንዚኑን መጠን በቀዳዳው ስፋት የሚወስነው ጂግለር ነው። አንድ ሰው ሞተሩን አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትር ላይ፣ በትንሽ ጂግለር አስተካክሎ በጭነት መኪና ጅማ ቢያወርደው፣ ጅማ ላይ የሚያገኘው አየር ይበልጥ ወፍራም ነው፤ ድብልቁ ይቀጥንበታል። ሞተሩ መሬት ላይ ደህና ይመስላል፤ ድምፁም ያምራል። ሙሉ ቤንዚን ተሰጥቶት ሦስት ደቂቃ ሽቅብ ሲወጣ ግን ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል። ጂግለር የሚመረጠው በሚበርበት ሜዳ ላይ፣ የካንዴላውን ቀለም እያዩና ሙቀቱን እየለኩ ነው።

በአገራችን ይህን ትግል የጀመረው የዛሬው ትውልድ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ የበረረችው በ1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ እየገፋ በመጣበት ወቅት ነው። ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነበር። ሞተሯ ቼክ ሠራሹ ቫልተር ቬኑስ ነው፤ ሰባት ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩበት፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። የሲሊንደሮቹ በክብ መደርደር ለእንዲህ ያለው ከፍታ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ሰባቱም ፊታቸውን ለነፋስ ስለሚሰጡ አንዱ በሌላው ጥላ ሥር አይወድቅም። ጣሊያኖች ወስደዋት ከሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ አሥርት ዓመታት ስትታይ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ሊያያት የሚሄድ ወጣት ከክንፏ በፊት ሞተሯን ልብ ብሎ ቢያይ ብዙ ይማርበታል።

የጅማ ሰማይ ራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 አውሮፕላኖች ነው፤ የዲሲ-3 ወታደራዊ ቅጂዎች ናቸው። እነዚህ አውሮፕላኖች ወደ ጅማና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሜዳዎች እየተመላለሱ ሰውና ጭነት፣ ቡናም ጭምር አጓጉዘዋል። መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ አግዳሚ ሲሆን ጭነቱ መካከሉን ይይዝ ነበር። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበትና በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች ነበሯቸው። በኮፈኑ ዙሪያ ደግሞ አብራሪው ከወንበሩ ሆኖ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ክንፍ መሰል መዝጊያዎች አሉ። ሽቅብ ሲወጣ ከፍቶ አየሩ በብዛት እንዲሳብ ያደርጋል፤ ከፍታ ይዞ ሲቀና ይዘጋቸዋል። ለጭነት አውሮፕላን አብራሪ የዕለት ተዕለት ሥራ የነበረው ይህ ነገር፣ በግል ከሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ላይ የለም። ሠሪው ኮፈኑን ሲቀርጽ አንድ ጊዜ የወሰነው ለመነሳትም ለመብረርም ያገለግለዋል። ስለዚህ የሚወስነው ለክፉው ሰዓት፣ ለሽቅቡ ነው።

ወደ ቮልስ ሞተር እንመለስ። የቢትል ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝና ቀላል በመሆኑ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፈረንሳዊው ሮዤ ድሩዊን «ቱርቡለንት» ላይ፣ ኋላም በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሠርቷል። በመኪናው ላይ ግን በቺንጊያ የሚዞር ትልቅ ማራገቢያ ነበረው፤ መኪናው ቆሞ እንኳ ሲሊንደሮቹ አየር ያገኛሉ። አውሮፕላን ሠሪው ክብደት ለመቀነስ ማራገቢያውን አውልቆ ይጥላል። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ማቀዝቀዣው የፍጥነት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ያላሰበ ሰው ሞተሩን ግቢው ውስጥ አስሮ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ቤንዚን ሲያስጮኸው ሳይበር ያቃጥለዋል። የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻው) ገና ያልተላመደ አዲስ ሞተር ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሰበቃው ስለሚበዛ ከተለመደው በላይ ይግላልና።

ይህን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ሦስተኛውን ሲሊንደር ይጠረጥራል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ሲሊንደር ፊት ቆሞ የሚደርሰውን አየር ይጋርደው፣ ያለፈውንም ያሞቀው ነበር፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩ የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፋብሪካው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣውን ለብቻው ወደ ተሠራ ቤት አወጣው። በአውሮፕላን ላይ ማራገቢያው ቢወልቅም ትምህርቱ አልወለቀም፤ አራቱ ሲሊንደሮች እኩል አየር አያገኙም። አንድ መለኪያ አንድ ካንዴላ ሥር አስሮ «ሙቀቱ ደህና ነው» ማለት ሦስቱን ሳያዩ መፍረድ ነው። አራቱም ካንዴላዎች ሥር የሙቀት መለኪያ ቀለበት መግባት አለበት፤ የዘይቱም ለብቻው። የዚህ ሞተር ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ቶሎ ይሞቃል።

አሁን ኮፈኑን ከፍተን ቀረብ ብለን እንይ። አየሩ በፊት ቀዳዳዎች ገብቶ ከሲሊንደሮቹ በላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በሽንሽኖቹ መካከል ወደ ታች ተጨንቆ አልፎ በኮፈኑ ግርጌ ይወጣል። ይህን የሚያስገድዱት በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙ ስስ ላሜራዎችና ላሜራዎቹን ከኮፈኑ ጋር የሚያገናኙ የጎማ ጠርዞች ናቸው። አየር ሰነፍ ነው፤ ቀላል መንገድ ካገኘ በሽንሽን መካከል አያልፍም። በላሜራና በኮፈን መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረዝም ስፋቱ 18 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አፍ ያለው ክብ ቀዳዳ ቆርጦ እንደ መተው ነው። ክፍተቱን ለመፈለግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲመሽ ኮፈኑን ገጥሞ ከታች አምፖል ማብራትና በፊት ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ማየት ይበቃል፤ በጠርዙ በኩል ብርሃን የሚታይበት ቦታ ሁሉ አየር የሚያመልጥበት ነው። በየጋራዡ ያለው ሙቀት የሚችል ቀይ ሲሊኮን ይሞላበታል፤ ጎማው ከተጣጠፈም ፊቱ ወደ አየሩ ግፊት እንዲዞር ይደረጋል። በእኔ እምነት ለክንፍ ወራት የሰጠ ሠሪ ለእነዚህ ላሜራዎች ሁለት ሳምንት መንፈግ የለበትም።

የመውጫው ስፋትም አለ። አየሩ ሞቆ ስለሚወጣ ይነፋል፤ መውጫው ከመግቢያው ካልሰፋ ውስጥ ይታፈናል። «አየር እንዲበዛ» ብሎ የፊቱን ቀዳዳ ብቻ የሚያሰፋ ሰው አውሮፕላኑን ከማዘግየት በቀር ምንም ላያተርፍ ይችላል። ይህን በግምት መጨቃጨቅም አያሻም። ቀጭን ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልቶ በ«ዩ» ቅርጽ አጥፎ አንዱን ጫፍ ከሲሊንደሮቹ በላይ፣ ሌላውን በታች ማድረግ ነው፤ የውሃው ከፍታ ልዩነት ምን ያህል ግፊት በሽንሽኖቹ መካከል እንደሚያልፍ በሴንቲ ሜትር ያሳያል። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ሠርተው የሚጨርሱት ሙከራ ነው፤ በዚህ ከፍታ የተለካ ቁጥር ለማንኛውም የኢትዮጵያ ሠሪ ከውጭ መጽሐፍ ቁጥር ይልቅ ይጠቅመዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የአብራሪው እጅ ነው። በጅማ ዙሪያ ከጅሬን ኮረብታ እስከ ማይ ጉዶ ተራራና እስከ በለጠ ጌራ ደን የሚታየው ዳገትና ዛፍ ስለሆነ፣ ማንም አብራሪ ቶሎ ከፍታ መያዝ ይፈልጋል። አፍንጫውን ወደ ላይ መሳብ ያኔ ያስመኛል። ሞተሩ የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። ከ100 ይልቅ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢወጣ የማቀዝቀዣው ግፊት ከ40 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ የሚያጣው ጥቂት የመውጣት ፍጥነት ነው። ወደ ዳገቱ ሳይገሰግስ፣ ከመንደርደሪያው ሳይርቅ በሰፊው እየዞረ ቢወጣ ሁለቱን ያስታርቃል፤ ሞተሩ ቢከዳውም ሜዳው ከሥሩ ነው።

መለኪያው ላይ መታየት ያለበት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ፍጥነት ነው። 190 ላይ ሆኖ በየአሥር ሰከንዱ የሚጨምር መርፌ፣ 210 ላይ ከቆመው ይበልጥ ያስፈራል። እየሮጠ ከሆነ አፍንጫውን ዝቅ፣ ድብልቁን ወፈር፣ ከፍታ ካለ ቤንዚኑን ጥቂት ቀነስ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ሲበር ሙቀቱ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና መውጣት ይቻላል። ደረጃ በደረጃ መውጣት ነውር የለውም። የዘይቱ ሙቀት ከሲሊንደሩ ዘግይቶ ስለሚነሳ እሱ ከፍ ሲል ሞተሩ ጭንቅ ላይ ከወደቀ ቆየት ብሏል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ ባለበት አገር የሚሠራ ሥራ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ላይ ያለ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሞከር ነገር የለም። አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ በግል የተሠሩ አውሮፕላኖች አሏት፤ እዚያም አዲሱ አውሮፕላን መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት በተወሰነ ክልል፣ ያለ መንገደኛ እንዲበር ይታዘዛል። እንዲህ ያለውን ሙቀት መለካትና ማስተካከልም የዚያ ጊዜ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው በረራ አጭር ይሁን። መውረድ ሲጀመር ቤንዚኑ በአንድ ጊዜ አይዘጋም፤ የጋለ ቴስታታ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ካረፈ በኋላ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይና ይጠፋል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው ቀለማቸው ይታያል፣ የአራቱ ሲሊንደሮች ሙቀት በየደቂቃው የተመዘገበበት ወረቀት ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሦስተኛው ከሌሎቹ 25 ዲግሪ በልጦ ከተገኘ ሁለተኛ በረራ የለም፤ መቀሱና ላሜራው ይወጣሉ።